ገዥው ኮት የለበሱለት እንግዳ

ቲቸር ኩሪያን ግሌንዴል ውስጥ ባለው አፓርታማቸው፣ ሶፋ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግሮቻቸው ገጥመው፣ እጆቻቸው በጎንና በጎን ተዘርግተው፣ ዓይኖቻቸው ተከድነው ተገኙ። ፖሊሶቹ ይህን አይተው «በሰላም ተኝተው ሳሉ ነው የሞቱት» አሉ። ጤናዬ ወልደየስ ፖሊስ ያነሳውን ፎቶግራፍ ባየች ቁጥር የሚያንገበግባት «በሰላም» የሚለው ቃል ነበር።

«ምን ዓይነት ሰላም ነው!» አለች ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ። «ብዙዬ፣ እስቲ ንገሪኝ። እኚህ ሰው እንዲህ ተንጋለው ይተኙ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም እትዬ ጤናዬ! በሽታቸው እኮ ሳንባ ነው። ጋደም ካሉ ይታፈናሉ። ትራስ ደራርቤላቸው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያንቀላፉት።»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። አንዱ ጻፈው። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።»

ጤናዬ ጥርሷን ነከሰች። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዴንቨር ከመጣች በኋላም ፈቃድ አውጥታ ለጠበቆች ትመረምራለች። ሃምሳዎቹን ጀምራለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሰው ሲያድበሰብስባት ቱግ ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ የማያድበሰብስ ሰው አላጋጠማትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዴንቨር አየር ስስ ስለሆነ ሳንባው የደከመ ሽማግሌ ቤቱ የኦክስጅን ማሽን ይተከልለትና ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ይደረግለታል። ብዙዬ የቲቸር ኩሪያን አስታማሚ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቁርሳቸውን አብልታ፣ ቱቦውን አስተካክላ፣ ሲቸግራቸው የሚጫኑትን የአደጋ ጊዜ ደወል አንገታቸው ላይ አንጠልጥላ፣ ኦሮራ ወዳለች ሌላ በሽተኛዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሰውዬው ሞተዋል፤ ማሽኑ ተዘግቷል፤ ቱቦው መሬት ወድቋል፤ ደወሉ የለም። ጮኻ ወደ ውጭ ስትሮጥ ጎረቤት አያት። ፖሊስ «ማሽኑን ማብራት ረስታ ነው፤ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ደመደመ። ሰኞ ክስ ይመሠረትባታል። ከተከሰሰች የሥራ ፈቃዷ ይሄዳል፤ የጥገኝነት ጉዳይዋም ገና አልተወሰነም።

«ልጄን ይዤ የት እገባለሁ?» አለች ብዙዬ ዓይኗን እየጠረገች። «እሱስ ይሁን። ግን እውነት ረስቼ ቢሆንስ? ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው።»

«ተነሺ፤ ቤቱን እንየው። ለቅሶው ይደርሳል።»

ቤቱ ንጹሕ ነበር። የታገለ ሰው ምልክት የለም፤ የተሰረቀ ነገር የለም። ጤናዬ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከላይ ካለው ዘንግ ላይ እስከ አንገት የሚቆለፍ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል።

«ውይ! ይኼን እዚያ ማን ሰቀለው?» አለች ብዙዬ። «ቦታው እኮ እዚህ ነው፤ ከበሩ ኋላ፣ ዝቅ ካለው ምስማር ላይ። ቲቸር ትከሻቸው አይነሳም፤ ዘንጉ ጋ አይደርሱም። እኔም እዚያ ሰቅዬው አላውቅም።»

ጤናዬ ጓንቷን አጥልቃ የኮቱን ኪስ ዳበሰች። ደወሉ ከነማንጠልጠያው ተጠቅልሎ ወጣ።

ብዙዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አላልኩም? አንገታቸው ላይ አድርጌዋለሁ አላልኩም? ገዥ ሲሆኑ ኪሳቸው ነው የሚከቱት! ቱቦውንም ያወልቁታል። "ገዥ ቱቦ አፍንጫው ላይ ሰክቶ እንግዳ አይቀበልም" ይሉኛል። እንግዳው ሲወጣ እኔ መልሼ አደርግላቸዋለሁ።»

«ገዥ? የምን ገዥ?»

«የማኅበሩ ነዋ!»

ጤናዬ መጀመሪያ ወደ ፖሊሱ መርማሪ፣ ወደ ሃርሞን ደወለች። ሃርሞን በትዕግሥት አዳምጧት ሲያበቃ «ራሷ ኪሱ ውስጥ ከትታው ሊሆን ይችላል» አላት። ኮቱ የተሰቀለበትን ነገረችው። «ኮት የትም ይሰቀላል» አለ። የመተኛታቸውን ነገር አነሳች። «ጤናዬ፣ ሴትዮዋ ረሳች። ሰው ይረሳል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

«አንተንስ የፈጠረህ ረስቶሃል!» አለች ለተዘጋው ስልክ።

*

የማኅበሩ ዋና ሰው ሊዑል ነው። ስድሳውን አልፏል፤ ሊሞዚን ይነዳል። ጤናዬ ስትደርስ ሞንትቤሎ ከሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ያችን ረጅም መኪናውን ያጥባል።

«ጋሼ ሊዑል፣ ይህ የገዥ ነገር ምንድን ነው?»

ሊዑል ጨርቁን ጨምቆ አስቀመጠ። ለንግግር መዘጋጀቱ ነበር፤ ጤናዬም ገብቷት በሆዷ «ኤዲያ» አለች።

«ቲቸር የመጡት ኬረላ ከሚባለው የህንድ ክፍለ አገር ነው። በንጉሡ ዘመን ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እዚያ አገር እያንዳንዱ ክፍለ አገር ገዥም አለው፣ ዋና ሚኒስትርም አለው። ገዥው ከማዕከል ይሾማል፣ ይከበራል፣ ይፈርማል። ሥራውን የሚሠራው ግን ዋና ሚኒስትሩ ነው፤ እኛ ርዕሰ መስተዳድር የምንለው ማለት ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ብዙ ድምፅ እስካለው ይቀመጣል፤ ካጣ ይወርዳል። የደሴ ተማሪዎች ማኅበርን ስንመሠርት ደንቡን በዚያው ልክ ሰፉልን። እሳቸው ገዥ፣ እኔ ዋና ሚኒስትር፣ ፋና የተቃዋሚ መሪ፣ ተክለሚካኤል አፈ ጉባኤ። ቤታቸው የምንገባውም እኛ ሦስታችን ነን።»

«ይህ ሁሉ ወግ ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር?»

«ምን ያስቅሻል? ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ይነሳልኛል። ሰርግ ላይ የመጀመሪያውን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ቀላል ነው እንዴ?»

«አልሳቅኩም። ሊያወርዱዎት ነበር አሉ።»

«ማን አለ? ፋና ናት? አትችልም! እሷም እኔም ግማሽ አልሞላንም። ጥቂቶቹ ከተክለሚካኤል ጋር ናቸው። እሱ ከእሷ ካበረ ነው እኔ የምወድቀው።»

«ገዥው ኮታቸውን የሚለብሱት መቼ ነው?»

«ምክር ቤት ሲከፈትና ቃለ መሐላ ሲኖር። ያ በሁላችን ፊት ነው። ለብቻ ደግሞ ዋና ሚኒስትሩ ሥልጣን ሊለቅ ሲሄድ ይለብሳሉ። ወይ ደግሞ አንዱ "ብዙ ድምፅ ይዣለሁ፣ ይጥሩኝ" ብሎ ሲሄድ። እኔንም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የተቀበሉኝ።»

«ታዲያ ያለፈው ቅዳሜ ሥልጣን ሊለቁ ሄደው ነበር?»

ሊዑል ፊቱ ቀላ። «እኔ? እኔ ልለቅ? ቅዳሜ ሙሽሮች ስነዳ ነው የዋልኩት!» ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፈተላት። ከጠዋት እስከ ምሽት በየቪዲዮው አለ፤ በር ሲከፍት፣ መኪናው ላይ አበባ ሲያስር፣ እስክስታ ሲወርድ። ጤናዬ እያንዳንዱን ተመለከተች። የምትጠረጥረው ሰው ሙሉ ቀን ሲጨፍር ማየት እንዴት ያበሽቃል!

*

ፋና ኢስት ኮልፋክስ ላይ ግሮሰሪ አላት። ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ነርስ ነበረች። በርበሬ እየመዘነች፣ ከደንበኛ ጋር እየተከራከረች ነው የምትመልሰው።

«እኔ ገድያቸው ቢሆን ኖሮ ሊዑልን ነበር የማስቀድመው» አለች።

«እትዬ ፋና፣ በእግዚአብሔር፣ ቀልዱን ይተዉኝ።»

«እሺ ተውኩ። ምን ልንገርሽ? ቲቸር አባቴ ነበሩ። ያንን ምስማር ከበሩ ኋላ ዝቅ አድርጌ የመታሁላቸው እኔ ነኝ፤ ኮታቸውን ለማንሳት ሲቸገሩ አይቼ። ተንጋለው ተኙ ሲሉኝማ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ይህቺ ልጅ አብዳለች ወይ አልኩ።»

«እሷ አላስተኛቻቸውም።»

«ታዲያ ማን?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ቅዳሜ አነጋግረዋቸዋል?»

ፋና ሚዛኑን ተወት አደረገች። «ቀትር ላይ ደውለውልኝ ነበር። ሱቁ ሞልቶ ነበርና በቅጡም አላዋራኋቸው። "ፋና፣ ከማን ጋር ነሽ?" አሉኝ። "ከራሴ ጋር ነኝ" ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ይኸው ነው?" ብለው ዘጉት።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ጤናዬ ግንባሯን ያዘች። ሰው እኮ የሚጠቅመውን ነገር እንደ ጥርስ ካልነቀሉት አይሰጥም።

«ስለ ጋሽ ተክለሚካኤል ይንገሩኝ።»

«ተክሌ? ተክሌ ደንብ ነው። ከደንብ አንዲት ነጥብ ካሳለፍሽበት ስብሰባ ያስቆማል። ሰው ሲሞት ደግሞ ገንዞ የሚሸኘው እሱ ነው። እጁ ይባረክ፣ አይጸየፍም።»

*

ተክለሚካኤል ኦሮራ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ኤርፖርት ነው የሚሠራው፤ መራመድ ያልቻሉ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ይገፋል። ድምፁ ለስላሳ ነው። ጤናዬን ወንበር ላይ አስቀምጦ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ማንም አላየኝም። ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?»

«ከቲቸር ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከሁሉም በላይ ታሪክ የሚነግሩት ለእኔ ነበር። በወጣትነታቸው ያዩትን። ክፍለ አገራቸው እንደተመሠረተ በመጀመሪያው ምርጫ አንድ ዋና ሚኒስትር ተመረጠ። አገር ተበጠበጠ፣ ሰልፍ ሆነ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ማዕከሉ አነሳው። ምክር ቤት ውስጥ ግን ድምፅ አልጎደለበትም ነበር! ቲቸር ይህን ሲያወሩ እስከ መጨረሻው ይናደዱ ነበር። ኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዋና ሚኒስትር ድምፅ አለው የለውም የሚለው በገዥ ሳሎን ሳይሆን በምክር ቤቱ ፊት ይታይ አለ። "የእኔ ሃይማኖት ይህ ነው" ይሉኝ ነበር።»

«ገዥው አንድ ሰው ለብቻው የሚቀበሉት መቼ ነው? ኮት ለብሰው ማለቴ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ተክለሚካኤል ሳያመነታ። «ዋና ሚኒስትሩ ሥልጣን ሊለቅ ሲመጣ። ሌላ የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ደንቡን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ጤናዬ አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በመዳፏ መታችው። ሥልጣን የሚለቀው ሊዑል ነው፤ ሊዑል ደግሞ ሰርግ ላይ ነበር። አንዷ አባቴ ነበሩ ትላለች፤ አንዱ ያለቅሳል፤ አንዱ ሲጨፍር ውሏል፤ ነገ እሑድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ያቺ ልጅ ትከሰሳለች። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አለች ጮክ ብላ።

ሞተሩን ልታስነሳ ስትል እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሊዑል ገዥው ለብቻ የሚለብሱት በሁለት ምክንያት ነው ብሎ ነበር። ይህ ደንብ ማለት ነው የተባለለት ሰው አንዱን አስቀረ። ለምን?

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ኢስት ኮልፋክስ ካለ ምግብ ቤት ጓሮ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ አዲስ ገዥ ለመምረጥ። ጤናዬ ሃርሞንን ለምና፣ ተቆጥታ፣ የብዙዬን ጠበቃ አስደውላ አምጥታዋለች። በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አጠገቡ ሊዑል ለማስተርጎም ቆሟል። ፋናና ተክለሚካኤል ፊት ለፊት፣ ብዙዬ ጥግ ላይ።

«አላስረዝምባችሁም» አለች ጤናዬ፤ አስረዘመችም። «ቲቸር ኩሪያን ተኝተው አልሞቱም። ተንጋለው መተኛት አይችሉም ነበር። ከሞቱ በኋላ ያስተኛቸው ሰው አለ።»

ሃርሞን «ወይም አስታማሚዋ» አለ።

«ቆይ። ብዙዬ ደወሉን አንገታቸው ላይ አድርጋ ወጣች። ደወሉ ኮታቸው ኪስ ተገኘ። ስለዚህ እሷ ከሄደች በኋላ ኮት ለብሰዋል። ኮት ሲለብሱ ደወሉን ይደብቃሉ፣ ቱቦውንም ያወልቃሉ፤ ለክብር። እሷ ረስታ አይደለም ቱቦው የወለቀው፤ እንግዳ መጥቶ ነው። እንግዳው ከሄደም በኋላ ኮቱ እሳቸው በማይደርሱበት ዘንግ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለው እንግዳው ነው፤ ኮት መልበሳቸው እንዳይታወቅበት።»

«እንግዳው ማን ነው?» አለ ሊዑል፣ መተርጎሙን ረስቶ።

«የኮቱን ምስማር የማያውቅ። ብዙዬ ታውቀዋለች። እትዬ ፋና ራሳቸው ናቸው የመቱት። ኮቱን ከሰውዬው ገላ ላይ እንጂ ከምስማሩ ላይ አይታችሁት የማታውቁት እናንተ ሁለት ወንዶች ናችሁ። ጋሼ ሊዑል ደግሞ ሙሉ ቀን ሲጨፍሩ ነበር፤ አይቻለሁ፣ ይብቃኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ዞሮ ወደ ተክለሚካኤል አየ።

«ገዥው ለአንድ ሰው ለብቻው ኮት የሚለብሱት በሁለት ምክንያት ነው» አለች ጤናዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንዱ ሥልጣን ሊለቅ ሲመጣ፤ ሁለተኛው "ብዙ ድምፅ ይዣለሁ" ብሎ ሲመጣ። እርስዎ ጋሽ ተክለሚካኤል፣ ደንብ የማያስቀሩት ሰው፣ ሁለተኛውን አስቀሩብኝ። ቀትር ላይ ቲቸር ለእትዬ ፋና ደውለው "ከማን ጋር ነሽ?" አሏቸው። ለምን ይጠይቃሉ? ፊታቸው የተቀመጠ ሰው "ፋና ከእኔ ጋር ናት" ስላላቸው ነው። እትዬ ፋና፣ ለማንም ቃል ገብተው ነበር?»

ፋና ከወንበሯ ተነስታለች። «ለማንም! ተክሌ... ተክሌ፣ አንተ ነበርክ እዚያ?»



«ልተወው ብዬ አስቤ ነበር» አለች ጤናዬ። «ይህ ሁሉ ኮትና ምስማር ነው፤ ይካድ ይሆናል። ግን እግራቸው ገጥሟል። እጃቸው በጎናቸው ተዘርግቷል። ዓይናቸው ተከድኗል። አየር አጥቶ የሞተ ሰው ዓይኑን ራሱ አይከድንም። ይህቺ ልጅ ጮኻ ወደ ውጭ ሮጠች እንጂ አልነካቻቸውም፤ ጎረቤት አይቷታል። ይህ የገናዥ እጅ ነው። ኮቱን ደብቀው፣ ሁሉን አሰናድተው ሊወጡ ሲሉ ያንን ማለፍ አልቻሉም።»

ተክለሚካኤል እጆቹን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«መምህሬን ዓይናቸው እንደፈጠጠ ጥያቸው ልሂድ?» አለ። «እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። ለማንም።»

ከአዳራሹ አንዲት ሴት «ኡኡ!» አለች። ሃርሞን ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ፋና ትስማማለች ብዬ ነበር» አለ ተክለሚካኤል። «መጀመሪያ እሳቸው ይጥሩኝ፣ ከዚያ እሷን እለምናታለሁ ብዬ። ስልኩን ፊቴ አነሱት። ሲዘጉት እንዴት እንዳዩኝ! "ዋሸኸኝ። ምክር ቤት ፊት እናገረዋለሁ" አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወንበር ገፍቻለሁ። ማኅበሩ ውስጥ እንኳ ደወል የምመታ ነኝ እንጂ የሚናገር አይደለሁም። አንዴ እንኳ ገብቼ ሰው እንዲነሳልኝ ፈለግኩ። ይህ ኃጢአት ነው? አይናገሩብኝ አልኳቸው። አሳላቸው፤ ቱቦውን ፈለጉ። "መጀመሪያ ይማሩኝ፣ አልናገርም ይበሉ" ብዬ ማሽኑን አጠፋሁት። ትንሽ ብቻ ብዬ ነው። እሺ እስኪሉ። እሺ አላሉም።»

ሊዑል መተርጎም አቅቶት ነበር። ተክለሚካኤል ራሱ ወደ ሃርሞን ዞሮ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ፣ በእንግሊዝኛ ደገመለት። ሃርሞን ጓደኞቹን ጠርቶ እጁን አሰረው። ሲያልፍ አንዳንዶቹ ከለመዱት አክብሮት የተነሳ ከወንበራቸው ተነሱ፤ መነሳታቸውን ሲያውቁ ደንግጠው ተቀመጡ።

በሩ ጋ ሲደርስ ብዙዬ መንገዱ ላይ ቆመች። ጤናዬ ልትይዛት እጇን ሰነዘረች፤ አልደረሰችባትም።

«ጋሽ ተክለሚካኤል፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ጠርተውኝ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ ክንዱን ሊስበው ሲል «ቆይ» አለውና መለሰላት።

«ጠርተውሽ ነበር። ሁለቴ። እኔ "የለችም" አልኳቸው።»

ወሰዱት። ብዙዬ እዚያው በሩ ጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሃርሞን ወደ ጤናዬ ቀርቦ ክሱ እንደሚቀር፣ ሰኞ ጠዋት ራሱ ለጠበቃው እንደሚደውል ነገራት። ስንት ቀን የደከመችበት ቃል ነው፤ ሰምታው ግን ራሷን ነቀነቀች እንጂ ደስ አላላትም። ሄዳ ብዙዬ አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ከነሚያማት ጉልበቷ ተቀመጠች።

«ነፃ ወጣሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «አልረሳሽም እኮ። አንቺ ምንም አልረሳሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ብዙዬ፣ ፊቷን በእጆቿ እንደሸፈነች። «ግን ጠርተውኛል።»